አንድ እፍኝ ቆሎና የቅባት ቦቴ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ያየኝ ሰው ሁሉ «እንግዲህ አረፍክ» ይለኝ ነበር። እኔ ግን ማረፉን አላወቅሁበትም። ጠዋት እነሳለሁ፤ አልጋው ሥር ያለውን ቦት ጫማ አየዋለሁ፤ የት ልሂድበት? በእግሬ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጌው ተመልሼ እቀመጣለሁ። እንዲህ ስል ከርሜ ነው አዴ ጫልቱ ከቆቃ ማዶ፣ ከዓለም ጤና ከተማ የደወለችልኝ።

«ደምሴ፣ ጥርስ አለህ?» አለችኝ፣ ሰላምታውን እንኳን በወጉ ሳትጨርስ።

«ጥቂት ቀርቶኛል።»

«ይበቃል። ቆሎ ይዘህ ና። የሽንኩርት ችግኜ ደርሷል። መሬቱ ውሃ ከጠጣ እተክላለሁ። ካልጠጣ ችግኙን ለከድር እሰጠዋለሁ፤ መሬቱንም ሣር ያብቅልበት። እኔ እንደሁ ደክሞኛል።»

ለማያውቅ ሰው የእብድ ወሬ ይመስላል። ጥርስና ቆሎ ከሽንኩርት ጋር ምን አገናኛቸው? እሱን ለማስረዳት ከሥራዬ መጀመሪያ መነሳት አለብኝ። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ አጻጻፌ ቢንገዳገድ አንባቢ ይታገሠኝ።

ሥራ የጀመርኩት አዳማ ነው፤ ያኔ ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንላት። የፍሳሽ ቦቴ ላይ ረዳት ነበርኩ፤ ቱቦ ጎታች ማለት ነው። ሰው ቦቴ ሲያይ አፍንጫውን ይይዛል፤ የሽንት ቤት ብቻ ይመስለዋል። የእኛ ቦቴ ግን የሆቴል ቅባት ነበር የሚመጥጠው። ትልቅ ወጥ ቤት ያለው ሁሉ የዕቃ ማጠቢያው ውሃ ወደ ውጭ ከመውጣቱ በፊት የሚያልፍበት ጉድጓድ አለው፤ ቅባቱ እዚያ ይቀራል። ክዳኑን ስታነሳው ላዩ ነጭ ሆኖ ረግቷል፤ በአካፋ ነው የምትሰብረው። ከሥሩ ግራጫ ውሃ አለ። ከታች ደግሞ ዝቃጩ፦ አጥንት፣ የሎሚ ልጣጭ፣ የጠፋ ማንኪያ። በጾም ወራት ቅባቱ ይሳሳና ዘይት ብቻ ይሆናል፤ ፋሲካ ያለፈ ሳምንት ግን እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ይጠብቅሃል። እኔ ጾም መግባቱን የማውቀው ከጉድጓዱ ነበር።

ሌላው ሥራችን ላቫጆ ነው። አዳማ የመኪና ከተማ ናት፤ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው፣ ከጅቡቲ የሚወጣው ተሳቢ ሁሉ እዚህ ይታጠባል። ላቫጆ ጉድጓድ ውስጥ የሚቀረው አሸዋና ጭቃ ነው፤ ግን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጠጥቷል። ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል። ገበሬ ሲያየው ዓይኑ ይበራል፤ ጥቁር አፈር ለም ነው ብሎ ነው ያደገው። «እባካችሁ ለኔ ድፉልኝ» እያለ ቦቴ የሚያስቆም ገበሬ አይቻለሁ። በዚያን ጊዜ ከልካይ አልነበረም። ሾፌሩ ወይ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ይደፋዋል፣ ወይ እሺ ያለው ሰው ማሳ ላይ።

ኋላ መመሪያ መጣ። ነገሩ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ የላቫጆ ዝቃጭ እርሻ እንዳይነካ። የወጥ ቤቱ ቅባት በፈቃድ፣ በስሱ፣ ከውሃ ጉድጓድና ከቦይ ርቆ ይደፋ፤ በተደፋበት ዕለት ከአፈሩ ጋር ተቀላቅሎ ይታረስ። ቦቴ ሁለቱን እንዳይቀላቅል። ይህን የሚቆጣጠር ሰው ተሾመ፤ አቶ ግዛው ይባላሉ። እኔን ከቦቴው አውርደው የመስክ ሠራተኛቸው አደረጉኝ። ደመወዙ አልጨመረም፤ ሽታው ግን ቀነሰልኝ።

አቶ ግዛው ረጅም፣ ቀጭን፣ በመተሐራ ሐሩር እንኳን ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ። የኮቱ ቀኝ ኪስ ሁልጊዜ ቆሎ አለው፤ ገብስና ሽምብራ። ስለሥራው የማውቀውን ሁሉ ከሳቸው ነው ያገኘሁት።

መጀመሪያ ያሳዩኝ የመዳፉን ነገር ነው። አንድ ቦቴ መንገድ ላይ አስቆምን። ሾፌሩ ከመውረዱ መሐላውን ጀመረ።

«የወጥ ቤት ነው ጋሼ! የሆቴል ነው፣ እናቴ ትሙት!»

«እናትህን ተዋት ልጄ፣ ትኑርልህ። መዳፍህን አምጣ።»

ከቱቦው አፍ ትንሽ ዝቃጭ በእንጨት ጨልፈው መዳፉ ላይ አደረጉለት። «እሸው» አሉት። የወጥ ቤት ቅባት በእጅ ሙቀት ይቀልጣል፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይለቃል። የሞተር ዘይት ያለበት ግን የመዳፍ መስመር ውስጥ ይገባና በሳሙና ንቅንቅ አይልም። ሾፌሩ አሸ፣ አጠበ፣ ደግሞ አጠበ። ጥቁሩ እዚያው ነው።

«እኔ ምንም አላልኩም» አሉት አቶ ግዛው። «መዳፍህ ነው የፈረደው። መልሰው።»

ሁለተኛው የቆሎው ነገር ነው። ለአንድ ማሳ ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት በአካፋ ጉድጓድ ያስቆፍሩኛል። አንድ ጣሳ ውሃ ያፈሱበታል። ከዚያ ቁጢጥ ብለው ከኪሳቸው አንድ እፍኝ ቆሎ ያወጡና ሳይቸኩሉ፣ አንድ አንድ እያሉ ይቆረጥማሉ። ውሃው ከቆሎው ቀድሞ ካለቀ መሬቱ ጠጪ ነው። ቆሎው ቀድሞ ካለቀ «ይህ አልተጠማም፤ አንጫነው» ብለው ይነሳሉ።

«ሰዓት እያለዎት በቆሎ ለምን ይለካሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው አንድ ቀን።

«ሰዓት ሳይ ገበሬው ይደነግጣል፤ የመንግሥት ሰው መጣብኝ ይላል። ቆሎ ሳወጣ ግን እሱም ዘግኖ አጠገቤ ቁጭ ይላል። ከዚያ ያወራኛል። የት ጋ ውሃ እንደሚተኛ፣ የት ጋ አምና እንደደረቀበት። ይህን ሰዓት አይነግረኝም።»

ቢሾፍቱ ተመድበን ስንሠራ ደግሞ የቆሎውን ሌላ ወገን አየሁ። ከሐይቆቹ በላይ ያለው መሬት ቀይ አሽ ነው፤ ቀዳዳው የበዛ ጠጠር። ውሃውን እንዳፈሰስንበት፣ አቶ ግዛው የመጀመሪያዋን ፍሬ ሳይውጡ ውሃው የለም። እኔ «በደንብ ይጠጣል» ብዬ ደስ አለኝ።

«ይህ አይጠጣም፤ ይውጣል» አሉኝ። «ዛሬ እዚህ ያፈሰስነውን ነገ ሐይቁ ውስጥ እናገኘዋለን።» ከለከሉ። የዚያ ቅርንጫፍ አለቃ ቢሮ ጠርተውን ጮኹብን፤ «እናንተ ቆሎ እየበላችሁ ሆቴል ሁሉ በቅባት ሊዘጋ ነው!» አቶ ግዛው ከኪሳቸው ዘገን አድርገው አቀረቡላቸው። አለቃው አልበሉም። ብዙም ሳንቆይ ተዛወርን።

አርሲ ነገሌ ላይ ደግሞ ሥራ ጠፋብን ማለት ይቻላል። እዚያ ከየቤቱ የሚወጣው የአረቄ አተላ ነው፤ እሱንም ከብት ይጠጣዋል። ቀን ቀን እህል ገበያው ዳር ቆመን ስንት ጋሪ እንዳለፈ እናወራ ነበር። መሥሪያ ቤታችንም ስሙን ቀየረ፤ ማኅተሙ ተቀየረ፣ አለቃ ተቀየረ፣ እኛ ያው ነን። ከዚያ ወደ ዓለም ጤና ላኩን። እዚያ ነው የደረሰብን።

አዴ ጫልቱ ባሏ የሞተባት፣ በመስኖ ሽንኩርት አልምታ የምትኖር ሴት ናት። እኩያዬ ናት፤ ምላሷ ግን ከኔ ያነሰ ዕድሜ አለው። ማዳበሪያ ተወዶባት ስለነበር የወጥ ቤቱን ቅባት ለመቀበል ራሷ ጠይቃ መጣች። ማሳዋን አየን። ቆሎው ሳያልቅ ውሃው አለቀ፤ ቦዩም ሩቅ ነው። በሬ የላትም፤ ጎረቤቷ ሞገስ ነው የሚያርስላት። ሁሉ ነገር ደኅና ነበር። ቀኑን ግን የቆረጡት ከተማ ያሉት ናቸው፤ ሆቴሎቹ ሞልተው ስለፈሰሱ ቦቴው በተገኘበት ቀን ተላከ። ቀኑ የሚካኤል ዕለት ሆነ።

ቦቴው መጥቶ ማሳው ጫፍ ቆመ። አቶ ግዛው መዳፋቸው ላይ አሹት፤ ጥሩ ነው፣ ንጹሕ የወጥ ቤት ነው።

«ጫልቱ፣ ዛሬ ሚካኤል ነው። ሞገስ ይጠምድልሻል?» አሏት።

«ኦቦ ግዛው፣ ይህ እርሻ አይደለም እኮ። አፈር ማልበስ ነው። ሚካኤል ምን ብሎ ይቆጣል? ይመጣል፣ ተነጋግረናል።»

ሾፌሩ ሞተሩን አላጠፋም። «ጋሼ፣ ሦስት ሆቴል ይጠብቀኛል፤ ልክፈተው ወይስ ልመለስ?» እያለ ይነዘንዛል። አቶ ግዛው ወደ መንደሩ አዩ፤ ሞገስ አልታየም። ከዚያ «ክፈተው» አሉ። በስሱ፣ በሚያምር ሁኔታ ረጨነው። እኔ ቱቦውን ይዤ ነበር፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ እኩል ተረጭቶ አላየሁም።

ሞገስ መጣ፣ በሬዎቹን ግን አልያዘም። ነጠላ ለብሶ ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጣው።

«ማረስ አይደለም፣ ማልበስ ነው» አለችው ጫልቱ።

«ቀንበር ቀንበር ነው» አላት። «ልጆቼን በሚካኤል አሳድጌ ዛሬ በሚካኤል ልጥመድ? ነገ ጎህ ሲቀድ አለሁ።»

ማን ይፈርድበታል? ነገ አልን። ሌሊቱን ግን መንደሩ ውስጥ ሰው ሞተ። ቀብር እስኪያልቅ በሬ የሚጠምድ የለም፤ ዕድሩ ይቀጣል፣ ከቅጣቱም ነውሩ ይብሳል። እኛም ሄደን ቀበርን። በሦስተኛው ቀን ሞገስ በማለዳ መጣ። ፀሐይዋ ግን ቀድማዋለች። ቅባቱ ደርቆ፣ ከላይኛው አፈር ጋር ተጣብቆ ቅርፊት ሠርቷል። ማረሻው ሲገባበት አልተቀላቀለም፤ እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ እየተገነጠለ ወደ ታች ተቀበረ።

እኛ እንደዚያ ቆመን ስናይ፣ በወሰኑ ማዶ የሚያርሰው ከድር እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ መጣ። ከድር የአርሲ ሰው ነው፤ ማሳው ከጫልቱ ማሳ ጋር በአንድ ቦይ ነው የሚጠጣው።

«ይህን ነገር የሚካኤል ዕለት ነው የደፋችሁት?» አለ።

«አዎ» አልኩት።

«ታዲያ እኔን ምነው አልጠራችሁኝም? ሚካኤል የናንተ ነው። ወላሂ፣ የኔ በሬዎች ያን ቀን ሙሉ ተኝተው ሲያመሰኩ ነው የዋሉት!»

በቅርብ ርቀት ሁለት በሬ ተኝቶ ነበር። መመሪያው ላይ ያለውን ሁሉ አሟልተን፣ ወሰን ተሻግሮ አንድ ሰው መጥራት ለአንዳችንም ትዝ አላለንም።

ጫልቱ ተከለች፤ ችግኙ ደርሶባት ነበርና ምን ታድርግ። ውሃ ለቀቀችበት። ውሃው ቅባት በተቀባ ቆዳ ላይ እንደፈሰሰ ተንከባለለ፣ ተኛ፣ ቆመ። ከሥሩ ያለው አፈር ዱቄት ነው። ሽንኩርቱ ውሃ ላይ ቆሞ በውሃ ጥም ሞተ።

አቶ ግዛው መጡ። ጉድጓድ አስቆፈሩኝ፤ ጣሳውን አፈሰሱ፤ ቁጢጥ አሉና ቆሎ አወጡ። አለቀ። ሌላ እፍኝ አወጡ። ውሃው እንደ ዓይን ወደ ላይ ያየናል። ጫልቱ ከኋላቸው ቆማ ነበር።

«ኦቦ ግዛው» አለቻቸው ቀስ ብላ፣ «ቆሎዎት አለቀ።»

ያን ጊዜ ነው ኮታቸውን ሲያወልቁ ያየሁት። ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው መኪናው ድረስ በእግር ሄዱ። ቢሮ ገብተው «ቀኑን የቆረጡት እናንተ ናችሁ፤ ክፈተው ያልኩት ግን እኔ ነኝ» ብለው ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ፈቃድ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ከመሬቱ በፊት የሚጠይቁት ሌላ ሆነ፦ «የዚያን ዕለት ማን ነው? መንደሩ ውስጥ የጠና ታማሚ አለ? ከታቦት ወገን አንድ ባለ በሬ፣ ከመስጊድ ወገን አንድ ባለ በሬ ይዘህ ና።» ሁለቱ አብረው ካልቀረቡ አይፈቅዱም። አንዳንዱ ይስቅባቸው ነበር። እሳቸው አይስቁም።

የጫልቱ መሬት ግን ቀረ። እሷ የሰው ቲማቲም መልቀም ገባች። በየዓመቱ መትከያ ሲደርስ እየሄድን እናፈስሳለን፣ አቶ ግዛው ይቆረጥማሉ፣ ቆሎው ያልቃል። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳን በሚኒባስ ይመጡ ነበር። ጫልቱ አንድም ቀን አልተቆጣቻቸውም፤ እንዲያውም ብትቆጣ ይሻላቸው ነበር። «ዘንድሮም አልጠማውም ማለት ነው» ትላለች፤ ያቺው ናት።

በሳቸው ቦታ የተተካችው ሰላማዊት የምትባል ባለሙያ ናት። ወጣት ናት፣ ሰው አክባሪ ናት። ማሳውን ቆፍራ ያን ቅርፊት አወጣችው፤ ስትሰብረው ውስጡ ከተቀበረበት ቀን ጀምሮ ነጭ እንደሆነ ነው።

«ጋሽ ደምሴ፣ እዩት፤ አየር አጥቶ ነው ያልበሰበሰው» አለችኝ። ጥልቅ ሳይሆን ስስ እርሻ፣ ደጋግሞ፤ የጤፍ ጭድና የከብት ፍግ ቀላቅሎ፤ ማሽላ ዘርቶ ገና ለጋ ሳለ መልሶ ከአፈሩ ጋር ማረስ፤ እንዲህ አድርጉ አለች። ልክ ነበረች። ከድር በሬዎቹን ይዞ ገባ፤ ዓመት በዓመት ጭዱን ከራሱ አውድማ እያመጣ አረሰላት። ቅርፊቱ እየተፈረፈረ መጣ። እሱ ግን ቀስ ብሎ ነው፤ እኛ ደግሞ ቀስ ብለን አይደለም የምናረጀው። አቶ ግዛው በዚያ ማሳ ላይ ቆሎው ሳያልቅ ውሃው ሲያልቅ ዳግመኛ ሳያዩ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ጫልቱ መጥታ ነበር።

አሁን መመሪያው ተለውጧል። በእኛ አካባቢ የወጥ ቤት ቅባት ማሳ ላይ አይረጭም፤ ማድረቂያ ቦታ ነው የሚሄደው። ሰላማዊት ቦቴው የት እንደቆመ ስልኳ ላይ ታያለች። መዳፍ የሚያሽ የለም። ደግ ነው፤ አልቃወምም። እኔም የመጨረሻዎቹን ዓመታት የማድረቂያውን በር ስከፍትና ስዘጋ ቆይቼ ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ።

ጫልቱ የደወለችልኝ እንግዲህ ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ቦት ጫማዬን ካልጋው ሥር አወጣሁት። መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ ገዛሁ፤ ገብስና ሽምብራ። ሞጆ ወርጄ ሌላ ሚኒባስ ይዤ፣ ቆቃን አልፌ ዓለም ጤና ገባሁ።

ማሳው ላይ ጫልቱና ከድር ይጠብቁኛል። ችግኙ ወሰኑ ላይ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ተደርድሯል። ከድር ጉድጓዱን ቆፍሮ ጨርሷል። ጫልቱ ጣሳዋን ሞልታ ያዘች። እኔ ቁጢጥ ማለት ስለማልችል መሬት ላይ ቁጭ አልኩና አንድ እፍኝ ዘገንኩ።

«ቆይ» አለች ጫልቱ። «አፍህን ክፈት እስቲ።»

ከፈትኩ።

«አይሆንም! በዚህ ጥርስ አንድ እፍኝ ቆሎ እስከ ማታ አያልቅም። ውሃውን ድንጋይ ላይ ባፈስሰው እንኳን ቀድሞ ይደርቃል።»

«ለኔ ስጡኝ» አለ ከድር፣ «የኔ ጥርስ ሙሉ ነው።»

«አንተማ ችግኙን ፈልገህ እንደ ፈረስ ነው የምትቆረጥመው!»

«አላህ ይይልሽ! የማን በሬ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የለፋው?»

«የሱ ጥርስ ለኔ ያደላል፣ ያንተ ለራስህ። አምጣ፣ እኔ እበላለሁ» ብላ ቆሎውን ከእጄ ወሰደችው። ጣሳውን ለኔ ሰጠችኝ።

አፈሰስኩ። ውሃው ጉድጓዱ ውስጥ ተሰበሰበ፤ ሰማዩ ታየበት። ጫልቱ ቁጢጥ አለች፣ መቆርጠም ጀመረች። በአቶ ግዛው አበላል አይደለም። ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እያደረገች፣ መሬቱን ለማሳጣት የፈለገች ይመስል ትፈጫለች። ልነግራት ፈለግሁ፣ ተውኩት። መሬቱ የሷ ነው። የሚሰማው የጥርሷ ድምፅ ብቻ ነው። ውሃው ዳር ዳሩን ጥቁር መስመር እየተወ ወረደ። ሰማዩ ጠበበ። ከዚያ እርጥብ አፈር ብቻ ቀረ።

ጫልቱ መቆርጠሟን አቆመች። ጎንበስ ብላ ጣቷን ጉድጓዱ ውስጥ ከተተች፤ አፈሩን አነሳች፣ ጨመቀችው፣ በጣቶቿ መሐል ተያያዘ። ከዚያ የዘጋችውን መዳፏን ከፈተች። ሽምብራም ገብስም ነበረበት።

የተረፈውን ለከድር ዘረጋችለት።

«እንካ፣ ችግኙ ቀርቶብሃል፤ በዚህ ተጽናና።»

ከድር ተቀብሎ ወደ አፉ ከተተው። እያኘከ ወደ ቤቱ፣ ወደ በሬዎቹ መንገድ ጀመረና መሐል ላይ ዞረ።

«ዛሬ ማን ነው?» አላት።

«ማንም አይደለም» አለችው። «ቶሎ ጥመድ።»